ብርድ የሚወደው አበባ

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የምትኖሩ ወዳጆቼ፣ ጃንዋሪ ላይ ወደ ሥራ ስትሄዱ ዙሪያችሁን ልብ ብላችሁ እዩ። ሣሩ ደርቆ ቡናማ ሆኗል፤ ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፏል፤ የጽጌረዳው ግንድ እሾሁን ብቻ ይዞ ቆሟል። በባንኩ በር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ በአፓርትመንቱ መግቢያ ባለችው ጠባብ መደብ ላይ ግን ቢጫ፣ ነጭና ወይን ጠጅ አበባ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ታዩታላችሁ። ፓንዚ ይባላል። ብርዱን ችሎ የሚያልፍ ብቻ ሳይሆን ብርድ የሚስማማው አበባ ነው፤ የአተካከሉን ነገር አንዴ የተረዳ ሰው ደግሞ ከኖቬምበር እስከ ሜይ ደጁ ባዶ አይሆንም።

አብዛኞቻችን የአትክልት ነገር ትዝ የሚለን ኤፕሪል ላይ ነው። አየሩ ለስለስ ሲል ወደ ሆም ዲፖ ወይም ወደ ሰፈሩ የችግኝ መሸጫ እንሄዳለን፤ በር ላይ የተደረደረው ፓንዚ ዓይናችንን ይስበዋል፤ ገዝተን እንተክለዋለን። ሜይን በደንብ ያብባል። ጁን ላይ ሙቀቱ ሲመጣ ይመዘዛል፣ ይገረጣል፣ ይደርቃል። ከዚያ «ይሄ አበባ አይበረክትም» ብለን እንተወዋለን። አበባው ግን የሚበረክት ነው፤ ቶሎ የደረቀው ዕድሜው ሊያልቅ ሲል ስለተተከለ ነው። በኦክቶበር መሬት የገባ ፓንዚ ሰባት ወር ያህል መደቡን ይዞ ይቆያል። በኤፕሪል የገባው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቢቆይ ነው። የሁለቱም ዋጋ ያው ነው። ከዚህ ሁሉ ወሬዬ አንዲት ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህቺን ያዙልኝ፦ ፓንዚ የሚተከለው በኦክቶበር ነው።

ለምን ኦክቶበር? መልሱ ከዘሩ ይጀምራል። የፓንዚ ዋነኛዋ ቅድመ አያት በአውሮፓ ሜዳና እርሻ ዳር በራሷ የምትበቅል፣ ጥፍር የምታክል አበባ ያላት ትንሽ ተክል ናት፤ የሳይንስ ስሟ ቫዮላ ትራይከለር ነው። ብዙውን ጊዜ የዚች ተክል ዘር ሐሩሩን አፈር ውስጥ ተኝቶ ያሳልፋል። መሬቱ ቀዝቀዝ ሲል ይበቅላል፤ ጥቂት ቅጠሎች ይዞ ከመሬት ጋር ተጠግቶ ብርዱን ይከርማል፤ ቀኑ መርዘም ሲጀምር ያብባል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ዘሩን አራግፎ ይሞታል። የዛሬው ትልቅ አበባ ያለው ፓንዚም በውስጡ ያለው የዘመን አቆጣጠር ይኸው ነው። እኛ በኤፕሪል ስንተክለው የምናገኘው የታሪኩን የመጨረሻ ምዕራፍ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሥሩ ነው። የፓንዚን ሥር የሚመቸው የአፈር ሙቀት ከ7 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በዚህ አገር አለካክ ደግሞ ከ45 እስከ 65 ፋራናይት ነው። አፈሩ ከዚያ ሲሞቅ ተክሉ ወደ ላይ ይመዘዛል፣ ግንዱ ይቀጥናል፣ አበባው ያንሳል። ከዚያ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሥሩ ምግብ መሳብ ያቅተዋል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፣ እድገቱ ይቆማል፤ ያለ ሥር ብርዱ ላይ የተጣለ ተክል ደግሞ ማርች ድረስ ባለበት ይቀራል፣ ወይም ይሞታል። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አፈሩ በዚያ ልክ የሚሆነው ከሴፕቴምበር መጨረሻ አንስቶ በኦክቶበር ውስጥ ነው። በእነዚያ ሳምንታት አየሩ ቀዝቅዞ መሬቱ ገና የሰመሩን ሙቀት ይዟል። ቅጠሉ ብዙም አይጨምርም፤ ከመሬት በታች ግን ሥሩ በየአቅጣጫው ይሄዳል። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ «ርካሽ ሆኗል» ብሎ የገዛ ሰው ይህን ጊዜ አምልጦታል። አትላንታ ያላችሁ ትንሽ ቆየት ማለት ትችላላችሁ፤ ሚኒሶታ ያላችሁ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ብርዱ ለፓንዚም ስለሚበዛበት በስፕሪንግ ብትተክሉት ይሻላል፤ የእናንተ ሰመርም ቶሎ አይበረታም።

አሁን ወደ ጃንዋሪ እንመለስ። ከባድ ውርጭ ባደረበት ጠዋት ወደ መደቡ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ይደነግጣል። ቅጠሉ ግራጫ የተቀላቀለበት አረንጓዴ ሆኖ መሬት ላይ ተለጥፏል፤ የተቀቀለ ጎመን ይመስላል። አበባው አንገቱን ደፍቷል፤ በጣት ሲነኩት ደረቅ ወረቀት ነው። ብዙ ሰው በዚህች ሰዓት ሞቷል ብሎ ነቅሎ ይጥለዋል። እባካችሁ አትንቀሉት! ፀሐይ ወጥታ መሬቱ እስኪላቀቅ ታገሡትና ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ቅጠሉ ቀና ብሏል፤ አረንጓዴው ተመልሷል፤ አንገቱን የደፋው አበባ ሳይቀር ተነሥቷል።

በዚህ መሃል የሆነውን ልንገራችሁ፤ እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነውና። ተክልን የሚገድለው በሴሎቹ ውስጥ በረዶ ሲሠራ ነው፤ የበረዶው ስለት ሴሉን ይበጣጥሰዋል። ፓንዚ ግን ቀዝቃዛዎቹ የኦክቶበርና የኖቬምበር ሌሊቶች ቀስ በቀስ ሲያለማምዱት በሴሎቹ ውስጥ ስኳርን የመሰሉ ነገሮች ያጠራቅማል። ስኳር የበዛበት ውሃ ቶሎ አይረጋም። ውርጩ ሲጠና ውሃው ከሴሉ ወጥቶ በሴሎች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ይረጋል፤ ሴሉ ራሱ ይሟሽሻል እንጂ አይቀደድም። ቅጠሉ የጠወለገው ውሃው ስለወጣበት ነው። በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ወደ ሴሉ ይመለሳል፣ ቅጠሉም ይቆማል። በደንብ ሥር የሰደደ ፓንዚ በዚህ ዘዴ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያለውን ሌሊት ችሎ ያልፋል። ችግኙ ግን መለማመጃ ጊዜ ማግኘት አለበት። ከሞቀ ቤት ወጥቶ በቀጥታ ውርጭ ላይ የተቀመጠ ችግኝ ይህን ዝግጅት አላደረገም።

በብርድ ወራት ፓንዚን ከውርጩ ይበልጥ የሚጎዳው ነፋስ ነው። መሬቱ ደርቆና ረግቶ ሳለ ነፋስ ሲነፍስ ቅጠሉ ውሃ ያጣል፤ ሥሩ ደግሞ ከረጋ አፈር ውስጥ የሚተካበት ውሃ አያገኝም። ስለዚህ ትልቅ ብርድ እየመጣ ነው ሲባል፣ ከመድረሱ በፊት መደቡን ውሃ አጠጡት። ብርዱ በጣም የከፋ ከሆነ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የጥድ ቅጠል ጉዝጓዝ ላዩ ላይ ልል አድርጋችሁ አልብሱትና ብርዱ ሲያልፍ አንሡለት። በረዶ ከጣለማ አትጨነቁ። በረዶ ራሱ መልካም ልብስ ነው።

ስለዚህ አበባ ፊት ደግሞ ማውራት አለብኝ። ፓንዚን ከሌላው አበባ ሁሉ የሚለየው ሰው የሚያይ መምሰሉ ነው። ይህ ፊት ከተፈጥሮ የነበረ አይደለም፤ የዛሬ 200 ዓመት ገደማ በእንግሊዝ አገር በአትክልተኞች እጅ የመጣ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሁለት ግቢዎች ነው። በሰሪ አውራጃ በዎልተን፣ የታንከርቪል መስፍን ልጅ የሆነችው ሌዲ ሜሪ ኤሊዛቤት ቤኔት በአባቷ የአትክልት ስፍራ የቫዮላ ትራይከለርን ዓይነቶች በየቦታው እያስፈለገች ትሰበስብና ዊልያም ሪቻርድሰን ከሚባል አትክልተኛዋ ጋር ታዳቅል ነበር። በ1812 ሥራዋን ለአበባ ወዳጆች አሳየች፤ ሊ የተባለ ስመ ጥር የችግኝ ነጋዴም ተቀብሎ ማባዛት ጀመረ። በዚያው ሰሞን በአይቨር መንደር በአድሚራል ጌምቢየር ግቢ ዊልያም ቶምፕሰን የተባለ አትክልተኛ ተመሳሳይ ሥራ ይዞ ነበር። ጌምቢየር በ1807 ኮፐንሃገንን የደበደበው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አዛዥ የነበረ ሰው ነው፤ ጡረታውን ያሳለፈው ግን በአበባ መካከል ነው። ቶምፕሰን ትንሿን የሜዳ አበባ ቫዮላ ሉቲያ ከምትባል ቢጫ የተራራ ዘርና ከሩስያ ከመጣችውና ሰፊ የአበባ ቅጠል ካላት ቫዮላ አልታይካ ጋር እያዳቀለ ዓመታት ለፋ። አበባው ሰፋ፤ ክብ ሆነ፤ ቀለሙ በዛ።

ያን ጊዜ ግን አበባው ላይ የነበረው ቀጫጭን ጥቁር መስመር ብቻ ነበር። በ1830ዎቹ መጨረሻ ቶምፕሰን በግቢው ሲዘዋወር ማንም ያልተከላት አንዲት ችግኝ አገኘ። መስመሮቿ ተዋህደው ሰፊ ጥቁር ነጠብጣብ ሆነዋል። የድመት ፊት ትክ ብሎ ያየው እንደመሰለው ራሱ ጽፎ ትቷል። ዘሯን ጠብቆ አባዛትና በ1839 ሜዶራ በሚል ስም ለሕዝብ ወጣች። ዛሬ በየመሸጫው የምናየው ባለ ፊት ፓንዚ መነሻው እሷ ናት። አትክልተኛ ሆኖ ሥራውን ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው ምን እንደሚያገኝ የዚህን ያህል የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም፤ ያቺን ችግኝ ሌላ ሰው አረም ብሎ ይነቅላት ነበር። የሳይንስ ስሙ ቫዮላ ዊትሮኪያና የተባለው ደግሞ የፓንዚን ታሪክ ባጠናው በስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ በቫይት ብሬከር ዊትሮክ ስም ነው።

እነዚያ ቀጫጭን መስመሮች ግን ሥራ ነበራቸው። አንድ አበባ ቆርጣችሁ በእጃችሁ ያዙ። አምስት ቅጠል አለው፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከጎንና ከጎን፣ አንድ ከታች። የታችኛውን አዙራችሁ ከኋላው ብታዩ ወደ ኋላ የሾለች ትንሽ ከረጢት ታገኛላችሁ። ንብ የምትፈልገው ጣፋጭ ፈሳሽ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። መስመሮቹ ለንቧ ወደ ከረጢቱ የሚወስደውን መንገድ ያመለክታሉ፤ የታችኛው ቅጠል ማረፊያዋ ነው፤ ምላሷን ስትዘረጋ የአበባው ብናኝ ይነካታልና ይዛው ወደ ሌላው ትሄዳለች። ዘሩ ሲበስል ደግሞ ፍሬው በሦስት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፋይ እየደረቀ ሲጨመቅ ዘሩን እያስፈነጠረ ያወጣዋል። ዘሩ ጫፍ ላይ ጉንዳን የምትወደው ቅባት ያለበት ጉብታ አለ። ጉንዳኗ ወደ ጎጆዋ ትወስደዋለች፣ ቅባቱን በልታ ዘሩን ትተወዋለች፤ ባለፈው ዓመት ካልተከላችሁበት ስንጥቅ ውስጥ ፓንዚ ሲበቅል የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

እሺ፣ ወደ ሥራው። ችግኝ ስትገዙ አበባውን አትዩ። አበባ የሞላበት ችግኝ ዓይንን ያታልላል እንጂ ለተከላ የሚመረጠው አጠር ብሎ የተንሰራፋው፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ የሆነውና ብዙ እምቡጥ ያለው ነው። ከተቻለ አንዱን ከሳጥኑ አውጥታችሁ ሥሩን እዩ። ነጭ ሥር ጤነኛ ነው። የጠቆረ ወይም የበሰበሰ ከሆነ መልሱት። ሥሩ ዕቃውን ዞሮ ዞሮ የተጠመጠመ ከሆነ ደግሞ ግዙት ግን ከመትከላችሁ በፊት በጣት ፈታ ፈታ አድርጉለት፤ ካልተፈታ አፈሩ ውስጥም ያንኑ ክብ ይዞ ይኖራል።

ቦታው ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። በብርድ ወራት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ በሰመር ጥላ የነበረው ቦታ ዛፉ ቅጠሉን ሲያራግፍ ብሩህ ሊሆን ይችላል፤ ያም ለፓንዚ ይስማማል። መደቡን ከመሬቱ ከፍ አድርጉት። የዚህ አካባቢ ቀይ ሸክላ አፈር ውሃ ይይዛል፤ ውሃ የቋጠረ አፈር ውስጥ የተቀመጠ ሥር ይበሰብሳል። ኮምፖስት ጨምራችሁ ቆፍሩት። ችግኙን በዕቃው ውስጥ በነበረበት ጥልቀት ልክ ትከሉት፤ ልቡን አፈር አታልብሱት። በመካከላቸው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይኑር። ፓንዚ በብርድ ወቅት እንደ ሰመር አበባ አይሰፋምና አራርቆ የተከለ ሰው መደቡ እስከ ማርች የተበታተነ ሆኖ ይቀርበታል። ከተከላችሁ በኋላ በደንብ አጠጡ፤ ከላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ስስ ጉዝጓዝ አልብሱት።

አፈሩን ማስመርመር የምትችሉ ከሆነ የአሲድነቱን ልክ እዩ። ፓንዚ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ አፈር ይወዳል። ብዙ ሰው ለሣሩ ብሎ የሚበትነው ኖራ መደቡ ላይ ሲደርስ አፈሩ አሲድነቱን ያጣና ሥር የሚያጠቁር በሽታ ይመቸዋል። የበሽታው ፈንገስ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። በየዓመቱ በአንድ ቦታ ፓንዚ ብቻ የሚተክል ሰው፣ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ዓመት ላይ ችግኞቹ ያለ ምክንያት መገርጣት ሲጀምሩ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ገበሬው ሰብል እንደሚያፈራርቀው መደቡን አፈራርቁት፤ አንዱን ዓመት ሌላ ነገር ትከሉበት።

ማዳበሪያ ላይ አንድ የማይነገር ነገር አለ። ናይትሮጅን በተለያየ መልክ ይሸጣል፤ አሞኒየምና ናይትሬት ከእነዚህ ናቸው። አሞኒየሙን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት የአፈር ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አፈሩ ሲቀዘቅዝ የእነሱም ሥራ በጣም ይቀንሳል። በዲሴምበር የተጨመረ አሞኒየም የበዛበት ማዳበሪያ እዚያው ይከማቻል፤ ተክሉን ሊጎዳውም ይችላል። ስለዚህ ለብርድ ወራት ናይትሬት የሚበዛበትን ምረጡ። ፓኬቱ ጀርባ ላይ ተጽፏል። ለፓንዚ ተብሎ የሚዘጋጅ 15-2-20 የሚባል በውሃ የሚሟሟ ዓይነት አለ፤ አሳዳጊዎቹ ራሳቸው የሚጠቀሙበት ነው። በተከላ ጊዜ አንዴ፣ ከዚያ ለዘብ ባሉ የብርድ ቀናት አልፎ አልፎ፣ ማርች ላይ ደግሞ ደህና አድርጎ መስጠት ይበቃል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሥራ ያረጀውን አበባ መልቀም ነው። ይህን ችላ አትበሉ። አበባው ሲጠወልግ ፍሬ መያዝ ይጀምራል፤ ፍሬ የያዘ ተክል ደግሞ ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ማበቡን ይቀንሳል። የጠወለገውን ከነዘንጉ ከሥሩ ቆንጥጡት፤ ጭንቅላቱን ብቻ መቀንጠስ አይበቃም። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል፤ አሳዩአቸው። ማርች ላይ ተመዝዞ ካገኛችሁት አንድ ሦስተኛውን ከርክሙት፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተንሰራፍቶ ይመለሳል።

ጠላቱ ብዙ አይደለም ግን አንዱ ከባድ ነው። አጋዘን! ሞንትጎመሪ ካውንቲም ሆነ ፌርፋክስ ጫካ አጠገብ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ በጃንዋሪ ሌላ ለምለም ነገር ሲጠፋ ፓንዚ ለእሱ ድግስ ነው። የሚረጭ ማባረሪያ ይሸጣል፤ ዝናብ በመታ ቁጥር ደግማችሁ መርጨት አለባችሁ። የተሻለው ደረጃው ላይ ወይም በረንዳው ላይ፣ ከበሩ አጠገብ መትከል ነው። ጥንቸልም ይበላዋል። ክሽክሽ በስፕሪንግ ሊወጣበት ይችላል፤ ጠንከር ባለ ውሃ እጠቡት። በሰመር መጀመሪያ ብርቱካንማ ባለ ጥቁር እሾህ ትል ካያችሁ ግን ተዉት፤ የሚያምር ቢራቢሮ የሚሆን ነው፤ ፓንዚውም በዚያን ጊዜ ዕድሜውን ጨርሷል።

የትኛውን ልግዛ ለምትሉኝ ምክሬ ግልጽ ነው። መሸጫው ውስጥ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ፤ ትልቅ አበባ ያለው ፓንዚና ቫዮላ ተብሎ የሚሸጠው ትንሽ አበባ ያለው ዘመዱ። ትልቁ ቀርበው ሲያዩት ይማርካል፤ ግን ሰፊው አበባ ዝናብና በረዶ ሲመታው ይቀደዳል፣ ይጣበቃል። ትንሹ በአንድ ተክል ላይ በጣም ብዙ አበባ ያወጣል፤ ከውርጭም ቶሎ ይነሣል። ለብርድ ወራት ቫዮላን እመርጣለሁ። ማትሪክስና ዴልታ የሚባሉት ትላልቆቹ ጠንካሮች ናቸው፤ ኩል ዌቭ የሚባለው እየተዘረጋ ከማሰሮ ጠርዝ ላይ ይወርዳል፤ ሶርቤት የሚባለው ደግሞ ከትንንሾቹ ደህናው ነው። ቀለም ላይ ደግሞ ይህን አስቡ፦ በዲሴምበር ከሥራ ስትመለሱ መሽቷል። ጥቁር ሰማያዊና ወይን ጠጅ በጨለማ አይታይም። ቢጫ፣ ነጭና ደማቅ ብርቱካን በመንገድ መብራት ሳይቀር ይታያሉ። ሰማያዊውን ለምትወዱ ከቢጫ ጋር አቀላቅሉት።

አንድ ተጨማሪ ዘዴ ልስጣችሁ። ኦክቶበር ላይ መደቡን ስትቆፍሩ ከሥር 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት የዳፎዲል ኮረት ቅበሩና ፓንዚውን ከላዩ ትከሉ። ማርችና ኤፕሪል ላይ ዳፎዲሉ በፓንዚው መካከል ሰንጥቆ ይወጣል፤ ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ቢጫ። አጋዘን ዳፎዲልን አይነካም፤ ለእሱ መርዝ ነው።

እስራኤል ያላችሁ ወገኖቻችን ይህን አበባ ሳታውቁት አትቀሩም። በዕብራይስጥ አምኖን ቬታማር ብላችሁ ብትጠይቁ ማንኛውም የችግኝ መሸጫ ይሰጣችኋል፤ እናንተ ዘንድ ደግሞ የዝናቡ ወራት አበባ ነው፤ በመንገድ አደባባዮች ላይ የሚተከለውም በዚያው ወቅት ነው። አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ ነገሩ ከሁላችንም ይሻላል። ቀኑ መለስተኛ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ የሆነ የደጋ አየር ፓንዚ የሚፈልገው አየር ነው። የሚጎዳው የክረምቱ ዝናብና ያኔ የሚቋጥረው ውሃ ብቻ ስለሆነ መስቀል ካለፈ በኋላ ትከሉት፤ በበጋው ውሃ አታሳጡት። የራሳችን ደጋም የዚህ ቤተሰብ አባል አለው። ቫዮላ አቢሲኒካ የምትባል፣ በደን ጥላና ዳር መሬት ለመሬት የምትሳብ፣ ፈዛዛ ወይን ጠጅ ትንሽ አበባ ያላት ተክል ናት። በደጋው ስትሄዱ ጎንበስ ብላችሁ ፈልጓት፤ የታችኛው ቅጠሏ ላይ ያንኑ መስመር፣ ከኋላዋም ያችኑ ከረጢት ታገኛላችሁ።

የፓንዚ አበባ ይበላል። ሰላጣ ላይ፣ ኬክ ላይ ያደርጉታል። ከመሸጫ የገዛችሁት ግን መድኃኒት የተረጨበት ሊሆን ስለሚችል የሚበላው ከዘር ጀምራችሁ ራሳችሁ ያሳደጋችሁት ወይም ለምግብ ተብሎ የሚሸጠው ብቻ ነው። ከዘር መጀመር ለምትፈልጉ ዘሩ ጨለማና 18 ዲግሪ አካባቢ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ለኦክቶበር የሚደርሰው ችግኝ የሚዘራው ጁላይ ላይ ስለሆነ ኤሲ ያለው ክፍል ውስጥ መጀመር ግድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ችግኙን ግዙ።

ጁን ሲገባ ፓንዚውን አታባብሉት። ነቅላችሁ ኮምፖስት ውስጥ ጨምሩትና በቦታው የሰመር አበባ ወይም ቃሪያ ትከሉ።

ግቢ የለንም የምትሉ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ከታች ቀዳዳ ያለው ማሰሮና ፀሐይ የሚያይ በረንዳ ይበቃችኋል። ማሰሮ ከመሬት ቶሎ ስለሚረጋ ከግድግዳው ጋር አስጠጉት፤ ደረቅ ሳምንት ሲሆን በብርዱም ቢሆን አጠጡት። ቤት የሚውሉ እናት አባት ያላችሁ በመስኮታቸው ፊት አድርጉላቸው። ችግኙ ከሴፕቴምበር መጨረሻ ጀምሮ በየመሸጫው ይቀርባል፤ ጥሩ ጥሩው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ተመርጦ ያልቃልና ቀደም ብላችሁ ሂዱ።